ለአሮጌ ላዳ ሞተር ባለ ሁለት ዌበር ኢንቴክ ማኒፎልድ ከባዶ መሥራት

ከ2101 እስከ 2107 ያሉት ካርቡራተር ላዳዎች ከፋብሪካ ሲወጡ መሃል ላይ የተቀመጠ አንድ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ዕቃ) ብቻ ነው ያላቸው። አየሩና ቤንዚኑ መጀመሪያ አንድ ቦታ ገብቶ ከዚያ በኢንቴክ ማኒፎልዱ (ወደ ሞተሩ በሚያደርሰው ቱቦ) ወደ አራቱ ሲሊንደር ይከፋፈላል፤ ጫፍ ላይ ያሉት 1ኛውና 4ኛው የሚደርሳቸው ከመሃለኞቹ ጋር እኩል አይሆንም። ቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክዳን) ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው የመግቢያ ቀዳዳ አለው። ሁለት ዌበር 40 ዲሲኦኢ (እያንዳንዱ ሁለት ጉሮሮ፣ ማለትም ሁለት የአየር መተላለፊያ ያለው ካርቡራተር) ሲገጠም አራት ጉሮሮ ለአራት ሲሊንደር ይሆናል፣ ማንም ከማንም አይሻማም። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለ2103 (የሲሊንደር ስፋትና የፒስቶን ጉዞ 76 × 80 ሚሜ፣ 1452 ሲሲ) እና ለ2106 (79 × 80 ሚሜ፣ 1568 ሲሲ) ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ፦ ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ መኪና ቢሆንም የሁለቱ ሞተር አንድ አይደለም። የላዳው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ፊያት 124 ግን ከታች ብሎኩ ውስጥ። ስለዚህ «የፊያት ነው፣ ይገባል» ተብሎ የሚሸጥ ማኒፎልድ ሳትለኩ አትግዙ።

መለካት

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውኃውን አፍስሱና አሮጌውን ማኒፎልድ አውርዱ። የቴስታታውን ፊት ከአሮጌ ጓርኒሲዮን (በሁለት ዕቃ መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) በደንብ አጽዱ። ቫልቮቹ ከፊት ወደ ኋላ ሲቆጠሩ 1፣ 4፣ 5 እና 8 የጭስ፣ 2፣ 3፣ 6 እና 7 የአየር ናቸው። የአየሩ ቀዳዳዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠጋግተዋል ማለት ነው፣ ዋናው ችግርም እዚህ ላይ ነው፤ የዲሲኦኢ ሁለት ጉሮሮዎች ከመሃል እስከ መሃል 90 ሚሜ ይራራቃሉ። ቱቦዎቹ ከቴስታታው ጠጋ ብለው ይነሱና ወደ ካርቡራተሩ እየተከፈቱ መሄድ አለባቸው።

የጥንዶቹን ርቀት በካሊፐር ለኩ። ከ90 ላይ ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፤ እያንዳንዱ ቱቦ ወደ ጎን የሚሄደው ያን ያህል ነው። ለምሳሌ የለካችሁት 50 ሚሜ ከሆነ እያንዳንዱ ቱቦ 20 ሚሜ ወደ ጎን ይሄዳል። ቱቦው 110 ሚሜ ርዝመት ካለው ማዕዘኑ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩም ያለችግር ይታጠፋል። ርዝመቱን ወደ 60 ሚሜ ካሳጠራችሁት ግን ማዕዘኑ 18 ዲግሪ ያልፋል፤ ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ እየተጋጨ ይጠራቀማል፣ በዝቅተኛ ዙርም ሞተሩ ይንተባተባል። ረጅም ቱቦ ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ዙር፣ አጭር ቱቦ ለከፍተኛ ዙር ይረዳል። ለመንገድ መኪና ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ረጅሙን ምረጡ።

ቦታ መፍቀዱን ለማወቅ ከካርቶን የካርቡራተሩን ቅርጽ ሥሩ፣ ከነቀንዱ (አየር ከሚስብበት መለከት መሳይ አፉ ጋር) ሞተሩ ላይ ያዙትና ኮፈኑን ዝጉ። የቀንዱ አፍና የጎኑ ላሜራ መካከል ቢያንስ 50 ሚሜ ይቅር። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሳለ እንደሚወዛወዝም አትርሱ።

የቀዳዳዎቹን ቅርጽ ከጓርኒሲዮኑ አትቅዱ፤ የጓርኒሲዮን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከቴስታታው ይሰፋል። የቴስታታውን ፊት ቀለም ቀቡና ወፍራም ወረቀት አትሙበት። በአንዳንዶቹ ቴስታታዎች ቀዳዳ ውስጥ ማኒፎልዱን መሃል የሚያስይዝ ቀለበት አለ። ወይ አውጡት፣ ወይ አዲሱ ፍላንጅ (ቱቦዎቹ የሚበየዱበትና በዳዶ የሚታሰረው ሰሌዳ) ላይ ማረፊያውን በቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን) አስቆርጡለት። ቀለበቱ እዚያው ተረስቶ ከቀረ ፍላንጁ ፈጽሞ አይቀመጥም።

ፍላንጁ

12 ሚሜ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ውሰዱ። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የጭስ ማኒፎልዱን ፍላንጅ ውፍረት ለኩ። በላዳ የአየሩና የጭሱ ማኒፎልድ አንድ ወገን ላይ ናቸው፣ ጓርኒሲዮናቸውም አንድ ነው፣ አንዳንዱ ዳዶ ደግሞ በአንድ ወፍራም ሮንዴላ ሁለቱን ባንድ ላይ ይጫናል። አዲሱ ፍላንጅ ከጭሱ በ1 ሚሜ እንኳ ቢወፍር ሮንዴላው ያዘነብላል፤ አንዱ ወገን ይጠብቃል፣ ሌላው ይተነፍሳል። ሰው ካርቡራተር እየፈታ ሳምንት የሚደክምበት የአየር መግባት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህች ሮንዴላ ነው። ስለዚህ ከብየዳ በፊት ፍላንጁን ከጭሱ ውፍረት በላይ 1 ሚሜ ያህል ትርፍ ይዛችሁ አቆዩት፤ ትርፉ በመጨረሻ በፍሬዛ (የብረት ፊት በሚያስተካክል ማሽን) ይነሳል።

ፍላንጁ ላይ የምትከፍቱት ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ በዙሪያው ግማሽ ሚሜ ያህል ይጥበብ። አየሩ ከጠባብ ወደ ሰፊ ሲያልፍ ደረጃው አያስቸግረውም። ከሰፊ ወደ ጠባብ ከሆነ ግን ደረጃው ፊቱ ይቆማል። የካርቡራተሩ ወገን ፍላንጅ 10 ሚሜ ይበቃዋል፤ ለእያንዳንዱ ካርቡራተር አራት የ8 ሚሜ ፕሪጆኔሪ (ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ቡሎን) ያስፈልጋል።

ቱቦና ብየዳ

ቱቦው በካርቡራተሩ በኩል 40 ሚሜ የውስጥ ስፋት ኖሮት ወደ ቴስታታው እየጠበበ ይሄዳል። ጥሩ ቶርኖ ያለበት ቤት ካላችሁ ከድፍን የአሉሚኒየም ዘንግ አስቆፍሩት፤ ንጹሕ ሥራ የሚወጣው እንደዚያ ነው። ካልሆነ 3 ሚሜ ግድግዳ ያለው ቱቦ ወስዳችሁ ጫፉን በቁመቱ እንደ ሽብልቅ ሰንጥቁት፣ የሚፈለገው ስፋት ባለው ሾጣጣ ብረት ላይ ጨምቁትና ስንጥቁን በይዱት። ቱቦው በማዕዘን ስለሚቆረጥ አፉ ሞላላ ይሆናል፤ የፍላንጁን ቀዳዳ ከመጨረሳችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ብየዳው አርጎን ይሁን። ፍላንጁን ባዶ እጁን አትበይዱት። ከጥቅም ውጪ በሆነ ቴስታታ ላይ፣ እሱ ከሌለ 20 ሚሜ በሆነ የብረት ሰሌዳ ላይ በሁሉም ቀዳዳ በቡሎን እሰሩት። መጀመሪያ አራቱንም ቱቦ በነጥብ ብቻ ያዙ፣ ካርቡራተሮቹ መግጠማቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ በይዱ፤ ትንሽ በ1ኛው፣ ትንሽ በ4ኛው፣ ትንሽ በ2ኛው እያላችሁ። አንዱን ዙሪያውን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሙቀቱን አንድ ቦታ ያከማቻል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በጣም ይኮማተራል፤ ፍላንጁን እንደ ቀስት የሚያጎብጠው ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ቡሎኖቹን አትፍቱ።

ያም ሆኖ ትንሽ ይጎብጣል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት ፊቱ ላይ አኑሩና ከሥሩ የክፍተት መለኪያ ቅጠል ሞክሩ፤ 0.10 ሚሜው ከገባ ወደ ፍሬዛ መሄድ ግዴታ ነው። ጓርኒሲዮን ይሞላዋል፣ ሲሊኮን ይደፍነዋል የሚለውን አትስሙ። ሲሊኮኑን ቤንዚን ያለሰልሰዋል፣ ሞተሩም ቁራጩን ይውጠዋል። የካርቡራተሩን ወገንም አብራችሁ አስተካክሉ። የቱቦውን ውስጥ በጥርስ መፍጫ (በሚሽከረከር ትንሽ ሞረድ) ጠርጉና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተዉት፤ እንደ መስታወት ማስወልወል አያስፈልግም። ከዚያ በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ በአየር ንፉት። የቀረች የብረት ብናኝ ሁሉ ወደ ሲሊንደር ነው የምትሄደው።

ለፍሬን ሰርቮው (ፍሬን መርገጥን የሚያቀልለው ዕቃ) አንድ ቱቦ ላይ ቀዳዳ አውጡ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ አትርሱ። አሮጌው ማኒፎልድ የሞተሩ ውኃ የሚያልፍበት ማሞቂያ ስለነበረው ሁለት ጎማ ተፈትቶ ይቀራል፤ ሁለቱን በአንድ ቱቦና በሁለት ፋሼታ አገናኟቸው።

መሞከርና መግጠም

ሞተሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንዱን ወገን በጎማና በሰሌዳ ድፈኑ፣ በሌላው በኩል በእጅ ፓምፕ 0.5 ባር ንፉና የሳሙና አረፋ ቀቡ። ብየዳው ላይ የምትታይ አንዲት አረፋ እንኳ ተመልሳ ትበየድ።

ዳዶዎቹን ከመሃል ወደ ጫፍ እያፈራረቃችሁ ከ21 እስከ 26 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ሞተሩ አንዴ ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንደገና ዙሩባቸው። ካርቡራተሩ ግን እንዲህ ድርቅ ብሎ አይታሰርም። በእሱና በማኒፎልዱ መካከል ጎማ ቀለበት ያለው ሰሌዳ፣ ከዳዶው ሥር ደግሞ ሞላ ሮንዴላ ይግባ፤ ሲጠብቅ በሞላው ጥቅል መሃል 1 ሚሜ ያህል ይቅር። እስከ መጨረሻ ከተጨመቀ የሞተሩ ንዝረት ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አረፋ ያደርገዋል፣ በአንድ የተወሰነ ዙር ላይም ሞተሩ መቆራረጥ ይጀምራል።

ጭሱ ከሥር ስለሆነ ካርቡራተሩ ከታች ይጋገራል። 1 ሚሜ የአሉሚኒየም ላሜራ በሁለቱ መካከል አስገቡ፣ ከሁለቱም ቢያንስ 10 ሚሜ ይራቅ። ያለዚህ መኪናው ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ከጠፋ በኋላ ለመነሳት ያስቸግራል። በዚሁ ምክንያት የአየር መግባት ለመፈለግ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ አትርጩ፤ የጋለ ጭስ ማኒፎልድ ላይ ወርዶ ይቀጣጠላል። የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ የሚፈስበት ቦታ ላይ የሚኒሞው ድምፅ ይለወጣል።

የነዳጅ መርገጫው ካቦ ሲገጠም አንድ ሰው እስከ መጨረሻ ይርገጥ፣ እናንተ ደግሞ የአራቱን ጉሮሮ ቢራቢሮ በዓይናችሁ እዩ። እያንዳንዱ ካርቡራተር የራሱ መመለሻ ሞላ ይኑረው። የአየር ማጣሪያ ሳይኖር አትንዱ፤ አቧራ የፒስቶኑን ፋሻዎች (ቀለበቶች) ቶሎ ይበላል።

ጀትና ከፍታ

ለነዚህ ሁለት ሞተሮች 30 ሚሜ ቬንቱሪ (የጉሮሮው ጠባብ ቀለበት)፣ ኤፍ16 ቱቦ (ቤንዚንና አየር የሚደባለቅበት) እና 45ኤፍ9 የሚኒሞ ጀት (ልክ ባለው ቀዳዳ ቤንዚን የሚያሳልፍ ዕቃ) መነሻ ይሁኑ። ዋናው ጀት ቬንቱሪው በ4 ተባዝቶ 120፣ የአየሩ ጀት 50 ተጨምሮበት 170 ነው። የቤንዚን ግፊቱ ከ0.20 እስከ 0.25 ባር ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ የቤንዚን መግቢያውን መርፌ ገፍቶ ያጥለቀልቃል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል። በ120 ጀት ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱም ይጠቁራል። በ112 ወይም በ115 ጀምሩ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉና ካንዴላውን ፍቱ፤ ነጭው ሸክላ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ሁለቱን ካርቡራተር ለማመጣጠን ቀጭን ጎማ በጆሮ ይዛችሁ የእያንዳንዱን ጉሮሮ ድምፅ አዳምጡ፤ የድብልቅ ብሎኖቹ ከተዘጉበት 1.5 ዙር ተከፍተው ይጀመር።

በ112 የተስተካከለ መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ሞተሩ ያኔ ቀለል ብሎ የሚሮጥ ይመስላል፣ ፒስቶኑ ግን በሙቀት እየተበላ ነው። አራት የ120 ጀትና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ መኪናው ውስጥ ይኑሩ። ጀቱ የሚገኘው ከካርቡራተሩ ላይኛው ክብ ክዳን ሥር ነው፣ አራቱን ለመቀየር ማኒፎልዱን መንካት አያስፈልግም። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ቀይሩ፣ ስትመለሱ ደግሞ 112ቱን መልሱ።