ከብሎግ ተነስቶ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ወሬ፦ የአየር ንብረት ዜና ስትሰሩ ተጠንቀቁ

የዓለም ሙቀት አልጨመረም የሚለው ክርክር ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ይሄን ያህል ባልሆነ ነበር፣ ችግሩ ትልቅ ጋዜጣና ሬዲዮ ተቀብለው ሲያስተጋቡት ነው። ዜና ለምትሰሩ፣ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ለምትመልሱም ጭምር፣ እንግሊዝ አገር የሆነውን እያነሳሁ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)።

የመጀመሪያው ስህተት ብሎግ ላይ የተጻፈን ቅሬታ አግዝፎ ማተም ነው። በፌብሩወሪ 2017 ጆን ቤትስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሳይንቲስት የድሮ መስሪያ ቤታቸው፣ ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መስሪያ ቤት፣ በ2015 ያወጣው፣ የዓለም ሙቀት መጨመሩን አላቆመም የሚል ጥናት ላይ ያላቸውን ቅሬታ ብሎግ ላይ ጻፉ፣ በማግስቱ ሜይል ኦን ሰንደይ የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የዓለም መሪዎች በተነካካ ዳታ ተሸወዱ ብሎ አወጣው። ሰውዬው ራሳቸው ግን ወዲያው ጉዳዩ የዳታ ማጭበርበር አይደለም፣ የአሰራር ነው አሉ። ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከወር በፊት በባህር ላይ መለኪያና በሳተላይት ለየብቻ አይተው የኖኣን ውጤት አረጋግጠው ነበር፣ አንድ ስልክ ቢደወል የሚገኝ ነገር ነው።

ግራፍ ሳያዩ መለጠፍ ደግሞ አለ። እዛው ጽሁፍ ላይ የወጣው ግራፍ ሁለት መስመር አለው፣ የኖኣው ከእንግሊዙ የሜትዮሮሎጂ መስሪያ ቤት ከሜት ኦፊስ ከፍ ብሎ ስለሚታይ አንባቢው አጋነዋል ማለቱ አይቀርም። ግን ሁለቱ ዜሮ የሚሉት ቦታ አንድ አይደለም! ኖኣ የሚቆጥረው ከ1901 እስከ 2000 ካለው አማካይ ነው፣ ሜት ኦፊስ ከ1961 እስከ 1990 ካለው፣ ኖኣ የሚነሳበት ዘመን ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር መስመሩ ከፍ ማለቱ የግድ ነው። ስለዚህ ግራፍ ስታገኙ መጀመሪያ ዜሮው ከየት ተነሳ በሉ።

ሚዛናዊነት ማለት አንድ ለአንድ ማስቀመጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቢቢሲ በ2014 የአየር ንብረት ሳይንቲስቱን ብራያን ሆስኪንስን ከቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ናይጄል ላውሰን ጋር አከራከረ፣ አድማጩ ሁለቱም እኩል ያውቃሉ ብሎ ነው የሚያስበው። በ2017 ላውሰን ተመልሰው ባለፉት አስር ዓመታት የዓለም ሙቀት ትንሽ ቀንሷል ሲሉ ጋዜጠኛው ዝም አለ፣ ቁጥሩ ስህተት ነበር፣ የእንግሊዝ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ተቆጣጣሪው ኦፍኮምም በ2018 ደንብ ተጥሷል ብሎ ወሰነ።

ከኢሜይል አንድ ቃል መዞ ዜና ማድረግም ያው ነው። በኖቬምበር 2009፣ ከኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ በፊት፣ ከእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የተሰረቁ ኢሜይሎች ውስጥ "ትሪክ" የምትል፣ ማታለል ተብላም የምትተረጎም ቃል ተገኘችና ከብሎግ ወደ ጋዜጣ ገባች። ሳይንቲስቱ ዘዴ ለማለት ነበር የጻፈው። በ2010 የተደረጉት ማጣራቶች ማጭበርበር አላገኙም፣ መረጃ ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበራችሁም ብለው ግን ወቅሰዋል፣ እሱንም መዘገብ አለባችሁ። የሳይንቲስቶችን ስህተት መደበቅ ለወሬኛው በር መክፈት ነው፤ የሂማላያ በረዶ በ2035 ያልቃል የሚለውን ስህተት የተባበሩት መንግስታት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ፣ አይፒሲሲ፣ ራሱ በ2010 አምኗል።

የመጨረሻው እርማት ማዘግየት ነው። የሜይል ኦን ሰንደይን ጉዳይ ያየው፣ በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ የሚቀርብ ቅሬታ የሚያየው ኢፕሶ፣ ጽሁፉ ትክክል አይደለም ብሎ ውሳኔው የወጣው በሴፕቴምበር 2017 ነው፣ ሰባት ወር አለፈ ማለት ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወሬው በሁለትና ሶስት ቀን ውስጥ የአሜሪካ ኮንግረስ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ነበር። እርማት ካላችሁ በዛው ሳምንት፣ ዜናው በወጣበት ገጽ፣ በዛው የፊደል መጠን አውጡት።