ትንፋሹ የቆመ ሰው ስታገኙ፦ ናሎክሶን እንዴት ይያዛል፣ እንዴት ይሰጣል

በአሜሪካ ራሱን የሳተ ሰው ጋ ከአምቡላንስ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ነው። ምስጢር የለውም፤ የፓትሮል መኪና መንገድ ላይ ስለሚውል ነው። ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሄሮይን ያለ ትንፋሽን የሚያዘገይ ዕፅ፣ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ትንፋሹ ከቆመ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። በማሳቹሴትስ የምትገኘው ኩዊንሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 ፓትሮል የሚወጡ ፖሊሶቿን የኦፒዮይድን ሥራ የሚቀለብሰውን መድኃኒት፣ ናሎክሶንን፣ ያስያዘችው ይህን አስልታ ነው። ያኔ ነገሩ እንግዳ ነበር። ዛሬ በብዙ ከተሞች መድኃኒቱ ከካቴናው ጋር አብሮ ይወጣል።

መድኃኒቱ ራሱ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ሄሮይን፣ ፌንታኒልና መሰሎቻቸው ትንፋሽን የሚያዘገዩት አንጎል ውስጥ ባሉ ተቀባዮች ላይ ተቀምጠው ነው። ናሎክሶን መጥቶ ከወንበራቸው ያስነሳቸዋል፣ ራሱ ይቀመጣል፣ ግን ምንም አያዝም። ኦፒዮይድ ያልወሰደ ሰው ላይ ቢረጭ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ "ተሳስቼ ብሰጠውስ?" የሚለው ጭንቀት ቦታ የለውም።

ከዚህ በታች ያለው ለፖሊስ የተጻፈ ይምሰል እንጂ ለታክሲ ሹፌርም፣ ለጥበቃ ሠራተኛም፣ ለጎረቤትም ያው ነው። ናርካን የሚባለው የናሎክሶን የአፍንጫ መርጫ እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ብዙ የጤና ቢሮዎች ደግሞ በነፃ ያድላሉ።

የቱን ልያዝ?

የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ተራውን 4 ሚሊግራም የአፍንጫ መርጫ፣ ሁለት ፍሬ። በፊት የነበረው የሚገጣጠም ዓይነት ነበር። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከመርፌ አልባ ስሪንጅ ጋር አጋጥሞ ጫፉ ላይ መርጫ መግጠም ያስፈልግ ነበር። ክፍል ውስጥ ሲለማመዱት ደስ ይላል። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ዙሪያው ሲጮህ ግን አንዱ ቁራጭ መሬት ላይ ይወድቃል።

"ፌንታኒል ኃይለኛ ስለሆነ 8 ሚሊግራሙ ይሻላል" የሚሉ አሉ። በወሬ ደረጃ ያሳምናል። የኒውዮርክ ግዛት ፖሊሶች ግን ሁለቱንም ሥራ ላይ ሞክረዋቸዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። የተረፉት ሰዎች መጠን በሁለቱም በኩል 99 በመቶ ገደማ ነበር። የሚሰጠው የመርጫ ብዛትም ብዙም አልተለያየም። የተለያየው ሌላ ነገር ነው፦ 8 ሚሊግራም የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ማስታወክን ጨምሮ የሐራራ ምልክት ከእጥፍ በላይ ታየ። ለተጨማሪ ሥቃይ ምን አስቸኮለን?

የት ይቀመጥ?

ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይረሳል። መመሪያው ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አስቀምጡት፣ ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ይችላል ይላል። በሐምሌ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያ ያልፋል። በክረምት ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይበርድና በረዶ ይሆናል። በረዶ የሆነ መርጫ አይረጭም። በሞቀ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ቢቀመጥ ይቀልጣል፣ ግን ያን ጊዜ ማን ይሰጣችኋል?

ስለዚህ ሰውነታችሁ ላይ ይሁን። ቀበቶ ላይ በሚታሰር ትንሽ ቦርሳ፣ ወይም በጥይት መከላከያው ኪስ። ከመኪናው የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ መጠባበቂያ ካላችሁ እሰየው፣ ዋናው ግን እሱ መሆን የለበትም። ፈረቃ ሲያልቅ ይዛችሁት ግቡ። ቀኑንም እዩት፤ በ2024 መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአዲስ ምርቶች የናርካንን የአገልግሎት ዘመን ከ3 ወደ 4 ዓመት አሳድጎታል። ቦርሳው ውስጥ ጓንትና አፍ ላይ የሚደረግ የመተንፈሻ ማስክ ጨምሩ። ማስኩን እንዳትንቁት፣ ኋላ ይመጣል።

ስትደርሱ

ስለ ፌንታኒል አንድ ነገር እንጨርስ። "የነካ ይሞታል" የሚል ወሬ ፖሊሶች ዘንድ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የአሜሪካ የመርዝ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች በንክኪ ወይም በትንፋሽ የመመረዛቸው ዕድል እጅግ ዝቅተኛ ነው ብለዋል። ተራ የናይትሪል ጓንት ይበቃል። ዱቄት እጃችሁን ከነካው በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ በአልኮል ጄል አትሹት። በነገራችን ላይ የሚያሳስበው የፖሊስ ውሻው ነው፤ አፍንጫውን ዱቄቱ ውስጥ ይከታልና። ለዚህም ነው አንዳንድ የውሻ አሠልጣኞች ለውሻቸው ጭምር ናሎክሶን የሚይዙት።

አካባቢው አስተማማኝ መሆኑን አይታችሁ ቅረቡ። ስሙን ካወቃችሁ ጥሩት፣ ካላወቃችሁ ጮኽ በሉ። ካልመለሰ የጣቶቻችሁን አንጓ ደረቱ መሃል አጥንቱ ላይ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። የተኛ ሰው በዚህ ይነሳል፣ ቢያንስ ፊቱን ያጨማድዳል።

ዋናው ምልክት ትንፋሽ ነው። ደረቱን እዩ፣ ጆሯችሁን አስጠጉ። ቀርፋፋና የሚቆራረጥ፣ ወይም ጭራሽ የሌለ ትንፋሽ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ የጉሮሮ ድምፅ፣ እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ የዓይን ብሌን። ድምፁን ሰምቶ "ተኝቶ እያንኮራፋ ነው" ብሎ ያለፈ ሰው ብዙ ነው። "ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይሆናል" የሚባለው ደግሞ ቆዳው ጠየም ባለ ሰው ላይ በቀላሉ አይታይም። የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱንና ጥፍሩን እዩ፤ አመድ የመሰለ ከሆነ በቂ ማስረጃ ነው።

አምቡላንስ ጥሩ፤ ፖሊስ ከሆናችሁ በሬዲዮ፣ ካልሆናችሁ በ911።

መስጠት

በጀርባው አስተኙት። ማሸጊያውን ላጡ። አንድ እጃችሁን ከአንገቱ ሥር አድርጋችሁ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጉት። መርጫውን በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ያዙት፤ አውራ ጣት ከታች መግፊያው ላይ ነው። ጫፉን ጣቶቻችሁ አፍንጫውን እስኪነኩ ድረስ አስገቡና በአንድ ጊዜ ግፉት። አለቀ። ሰውየው መሳብ አያስፈልገውም፤ መድኃኒቱ በአፍንጫው ውስጠኛ ሽፋን በኩል ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ "ይሠራ እንደሆን ልየው" ብላችሁ አየር ላይ እንዳትረጩት። ስልጠና ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። ሰው የአፍንጫ መርጫ ሲይዝ፣ የጉንፋን ይመስል፣ እጁ ራሱ መጀመሪያ አንዴ ጫን ያደርገዋል። ናርካን ውስጥ ያለው አንድ ጊዜ የሚረጭ ብቻ ነው። ከተረጨ በኋላ ዕቃው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

አስቸጋሪው፦ ከተረጨ በኋላ ያለው ጊዜ

መርጨቱ ጥቂት ሰኮንድ ነው። ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይወስዳል። ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ይህ እጅግ ረጅም ነው። በዚህ መሃል ምን ይሆናል? አንዱ ሁለተኛውን ይረጫል፣ ባልደረባው ይደርስና የራሱን ይጨምራል፣ ሌላ ሰው ፊቱ ላይ ውኃ ይደፋል። ሰዓት ያየ የለም። በኋላ "አራት ፈጀ፣ የዛሬው ዕፅ ሌላ ነው" ይባላል። ምናልባት የመጀመሪያው እየሠራ ነበር።

ስለዚህ መግፊያውን እንደገፋችሁ ሰዓት እዩ። በሬዲዮ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ይመዘገባልም፣ እናንተንም ያረጋጋል። ከዚያ ሥራ ጀምሩ፤ ሥራው ደግሞ ማስተንፈስ ነው። ይህ ሰው የሚሞተው አየር አጥቶ ነው። አየር ከሰጣችሁት መድኃኒቱ ቢዘገይም ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው። ማስኩን አፉና አፍንጫው ላይ ግጠሙ፣ አገጩን ወደ ላይ አንሱ፣ በየ5 ወይም 6 ሰኮንዱ አንድ ትንፋሽ ስጡ። ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለባችሁ። ካላለ አየሩ እየገባ አይደለም፤ ራሱን እንደገና ቀና አድርጋችሁ ማስኩን አጥብቁ። የልብ ምት ከሌለው ወይም ጨርሶ ሕይወት የሌለው ከመሰላችሁ ነገሩ ይቀየራል፤ ደረቱን መጫን፣ ማለትም ሲፒአር ጀምሩ፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያ ካለ አምጡ።

3 ደቂቃ ሞልቶ ትንፋሹ ካልተመለሰ አዲስ መርጫ በሌላኛው የአፍንጫ ቀዳዳ።

አሁን ደግሞ ስልጠና ላይ የማልጠግበው ክርክር። ግቡ ሰውየው ተነስቶ እንዲያወራችሁ አይደለም። እንዲተነፍስ ነው። ትንፋሹ ተስተካክሎ፣ የከንፈሩ መልክ ተመልሶ ዓይኑን ሳይገልጥ ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱም ናሎክሶን የሚያስነሳው ኦፒዮይድን ብቻ ነው። ሰውየው የእንቅልፍ ኪኒን ወይም አልኮል ደርቦ ከሆነ፣ ወይም ፌንታኒሉ ዛይላዚን ከሚባለው የእንስሳት ማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ፣ እነሱን አይነካም። እየተነፈሰ ተኝቶ ላለ ሰው ሦስተኛና አራተኛ መርጨት የሚያተርፈው ትውከትና ሐራራ ነው። በጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበቱን አጥፉ፣ ትንፋሹን እያያችሁ ጠብቁ።

በደረቱ አታስተኙት። ካቴና ማሰር ልማድ ሆኖባችሁ እጁን ወደ ኋላ አስራችሁ በሆዱ ከጣላችሁት ያተረፋችሁትን ትንፋሽ መልሳችሁ ትወስዱበታላችሁ።

ሲነቃ

አመሰግናለሁ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ግራ ይጋባል። "ምርቃናዬን ለምን አጠፋችሁብኝ?" ብሎ የሚቆጣ አለ። ከላዩ ላይ ሦስት ሰው ተደፍቶበት ሲነቃ ማንም ይደነግጣል። ትንሽ ራቅ በሉ፣ ዝቅ ብላችሁ በረጋ ድምፅ ተናገሩ፦ "ወንድሜ፣ ትንፋሽህ ቆሞ ነበር። መድኃኒት ሰጥተንሃል። አምቡላንስ እየመጣ ነው።" ስድብም ምርመራም ያን ሰዓት አያስፈልግም። "ከማን ገዛህ?" ብሎ የሚጀምር ፖሊስ የሚያተርፈው ሰውየው ተነስቶ እንዲሄድ ነው።

መሄዱ ደግሞ አደገኛ ነው። ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ኦፒዮይዱ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ትንፋሹ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ሐራራው አስጨንቆት ሌላ ከወሰደ ደግሞ በላዩ ላይ ተደረበ። ይህንን በግልጽ ንገሩት። ሆስፒታል አልሄድም ካለ የሚያየው ሰው አብሮት እንዲቆይ አድርጉ፣ ሁለተኛውን መርጫ ለዚሁ ሰው አስይዙት።

የደወለው ጓደኛው ከነበረ እሱንም አረጋጉት። ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ከጀመረችው ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ለእርዳታ የደወለን ሰው ዕፅ በመያዝ እንዳይከሰስ የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ይለያያልና የራሳችሁን ሳትሠማሩ በፊት አንብቡት። የደወለው ሰው ካቴና ውስጥ ከገባ ወሬው በአንድ ቀን ሠፈሩን ያዳርሳል፤ ቀጣዩ ሰው አይደውልም።

አምቡላንሱ ሲደርስ ስንት ሰዓት፣ ስንት መርጫ፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደሰጣችሁ ንገሩ። ባዶውን ዕቃ አትጣሉት፣ ለመዝገብ ይፈለጋል። የቀጣዩን ጥሪ ከመቀበላችሁ በፊት የቀበቶውን ቦርሳ በአዲስ ሙሉት።