ሜሞሪውን ከመወንጀላችሁ በፊት፦ የራስበሪ ፓይና የሊኑክስ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ኢሜጅ (የሲስተሙን ሙሉ ቅጂ) ሜሞሪ ካርድ ላይ መጫን ለምትችሉ፣ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር) መግባት ለምታውቁ፣ ጥቁር ስክሪን ለማያስደነግጣችሁ ሰዎች ነው። "ሶኬቱ መሰካቱን አረጋግጡ" እያልኩ ጊዜያችሁን አልፈጅም። የአርም ቦርድ (በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ ባለአንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር) ዓይነቱ ብዙ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚበዛው ግን ራስበሪ ፓይ ስለሆነ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ሌሎቹ መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ።

ምልክት፦ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ዋይፋዩ ይቆራረጣል። ፍላሽ ሲሰካበት ስታክ ያደርጋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም ይላል።

ምክንያት፦ ቻርጀሩና ኬብሉ።

ለጥገና ከሚመጣልኝ ቦርድ አብዛኛው የሚመጣው በዚህ ነው። ባለቤቱ ግን "ሜሞሪው ተበላሸ" ወይም "ቫይረስ ገባበት" እያለ ነው የሚሰጠኝ። ቫይረስ የለም። ሜሞሪው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያበላሸው ግን ከጀርባው ያለው ገመድ ነው። አዲስ ሜሞሪ ገዝታችሁ በዚያው ገመድ ከሰካችሁት ለሦስተኛው ሜሞሪ ከአሁኑ ብር መያዝ ጀምሩ።

ቁጥሩን እንይ። ፓይ 3 የሚፈልገው 5 ቮልት በ2.5 አምፔር ነው። ፓይ 4 በ3 አምፔር፣ ፓይ 5 ደግሞ በ5 አምፔር። ቮልቱ ሁሉም ላይ 5 ነው። ከ4.63 ቮልት ግድም በታች ሲወርድ ቦርዱ ራሱ ያውቀውና ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ከዚያም በታች ከወረደ ይጠፋል።

ቻርጀሩ ላይ "5 ቮልት 3 አምፔር" ተጽፏል ትሉኛላችሁ። ተጽፏል። ግን ከቻርጀሩ የወጣው ሁሉ ቦርዱ ጋ አይደርስም። ግፊቱ ሲያንስ ምድር ቤት የሚንዠቀዠቀው የቧንቧ ውሃ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠብ ጠብ እንደሚለው ማለት ነው። መንገድ ላይ የሚሸጡት ቀጫጭን ኬብሎች ውስጣቸው ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ቁጥር 28 (AWG 28) ነው። የዚህ ሽቦ አንድ ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.43 ኦም ገደማ ይይዛል። ቦርዱ 1 አምፔር ብቻ ቢስብ እንኳን 0.43 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 5 ቮልት ተልኮ 4.57 ደረሰ። አለቀ፣ ከመስመሩ በታች ነን። 2 አምፔር ቢስብስ? እናንተው አስሉት። ኦሪጅናሉ የፓይ 4 ቻርጀር 5.1 ቮልት የሚሰጠውና ገመዱ ከራሱ ጋር የተያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዴት ታውቃላችሁ? ስክሪን ካለው ከላይ በቀኝ ጥግ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብቅ ይላል። ስክሪን ከሌለው ቀዩን ኤልኢዲ እዩ። ፓይ 3 እና 4 ላይ ቮልቱ ሲወርድ ይጠፋል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። "ቀዩ መብራት ትንሽ ይርገበገባል እንጂ ሌላ ችግር የለውም" ብሎ ያመጣልኝ ሰው አለ። እሱ እኮ ነው ችግሩ! ሌላው መንገድ ተርሚናል ላይ ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት ትሮትልድ (vcgencmd get_throttled) ብሎ መጻፍ ነው። መልሱ ላይ ከኤክሷ (x) ቀጥሎ 0 ብቻ ከመጣ ንጹህ ነው። 50000 ከመጣ ከተነሳ ወዲህ የሆነ ሰዓት ላይ ቮልት ወርዶ ፍጥነትም ቀንሶ ነበር ማለት ነው። 50005 ከመጣ አሁንም፣ እያያችሁት፣ እየወረደ ነው። ዲሜሴጅ (dmesg፣ የሲስተሙ መልእክት መዝገብ) ውስጥም "አንደርቮልቴጅ ዲቴክትድ" የሚል መስመር ተደርድሮ ታገኛላችሁ።

በቴስተር መለካት ለምትወዱ፦ ቦርዱ ሥራ ላይ እያለ ፒን 4 (5 ቮልት) እና ፒን 6 (ግራውንድ) መካከል ለኩ። ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ መለካት ዋጋ የለውም። ፕሮሰሰሩን አስጨንቁት፣ ከዚያ እዩ። ማስጠንቀቂያ፦ ፒን 2 ላይ አትለኩ። ጎኑ ያለው ፒን 1 ባለ 3.3 ቮልት ነው። የቴስተሩ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለቱን ካገናኘ ቦርዱ ይሞታል። አስተካክለዋለሁ ብላችሁ ይዛችሁልኝ አትምጡ፣ አይስተካከልም።

አሁን ስለ ካፌው ላውራ። አንድ ካፌ ሜኑውን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቲቪ ያሳያል፤ ከቲቪው ጀርባ ፓይ 3 አለ። በየጊዜው ሜሞሪው ይሞታል። ቴክኒሻን ይጠራል፣ ኢሜጅ ይጫናል፣ ይሠራል፣ ደግሞ ይሞታል። ሄጄ ቲቪውን ከግድግዳው ሳላቅቀው ቦርዱ የሚበላው ከቲቪው ከራሱ ዩኤስቢ ነው። ያ ቀዳዳ ፍላሽ ለማንበብ የተሠራ ነው፤ ግማሽ አምፔር ከሰጠ ትልቅ ነገር ነው። ይባስ ብሎ ማታ አስተናጋጇ ቲቪውን በሪሞት ስታጠፋው ዩኤስቢውም አብሮ ይጠፋል። ሊኑክሱ በየምሽቱ፣ እየጻፈ እያለ፣ አንገቱን ይቆረጣል። ጠዋት ደግሞ በግማሽ አምፔር ተነስ ይባላል። እኔን የገረመኝ መሞቱ አይደለም፣ ሳምንታት መቆየቱ ነው። መፍትሄው የራሱ ቻርጀር፣ አጭርና ወፍራም ኬብል፣ ከዚያ ካርዱን ማንበብ ብቻ እንዲሆን መቆለፍ ነበር። የመቆለፉን ነገር ወደታች እነግራችኋለሁ። ያቺ ፓይ እስካሁን ሜኑ እያሳየች ነው፤ ዋጋው ብቻ ነው የሚቀያየረው።

ሌላው የተለመደ ጣጣ የ65 ዋት ላፕቶፕ ቻርጀር ነው። "65 ዋት እኮ ነው፣ ለፓይ 5 ይተርፋል!" አይተርፍም። ያ ቻርጀር 65 ዋቱን የሚሰጠው በ20 ቮልት ነው። በ5 ቮልት ብዙውን ጊዜ ከ3 አምፔር አያልፍም። ፓይ 5 ደግሞ ከ5 ቮልት ሌላ አይቀበልም። በ3 አምፔር ይነሳል፣ ግን የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ላይ ይገድባቸዋል። ከዚያ ሃርድ ዲስክ ትሰኩና "ዲስኩ አልታይ አለ" ትላላችሁ። ዲስኩ ምን ያድርግ? ፓይ 4 ላይም አራቱ ቀዳዳዎች ለጋራ ያላቸው 1.2 አምፔር ነው። ለሃርድ ዲስክ የራሱ ቻርጀር ያለው ሃብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ግዙ። ርካሽ ሃብ ግን ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ መልሶ ስለሚያስገባ ተጠንቀቁ። ዋናውን ገመድ ነቅላችሁ ኤልኢዲው ካልጠፋ ሃብ ቀይሩ።

መፍትሄው በአጭሩ፦ ቻርጀሩ ለቦርዱ የተሠራ ይሁን። ኬብሉ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፣ ወፍራም ይሁን። ማብሪያ ማጥፊያ የተገጠመባቸውን ኬብሎች ተዉአቸው፣ ማብሪያዋም የራሷን ቮልት ትበላለች። ኦሪጅናል ነው የተባላችሁት ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ቁጥሩን እዩት። ባለሱቁ ቅር ቢለው ሌላ ሱቅ አለ።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም። ወይም ይነሳና ፋይሎቹ ማንበብ ብቻ ይሆናሉ።

ምክንያት፦ ሊኑክስ የጻፋችሁትን ነገር ወዲያው ካርዱ ላይ አያሰፍርም። ራም ውስጥ ያቆየዋል፣ እስከ 30 ሰከንድ ድረስ። በዚያ መሃል መብራት ከሄደ የቀረው ቀረ። ካርዱም በበኩሉ አንዲት ትንሽ ፋይል ለመቀየር ትልቅ ብሎክ አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል። ስለዚህ ያልነካችሁት ፋይል ሁሉ አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

መፍትሄ፦ ካርዱን አውጥታችሁ ሌላ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ማውንት አታድርጉት (ፋይሎቹን አትክፈቱ)። ዳታው የሚያሳሳችሁ ከሆነ መጀመሪያ በዲዲ (dd፣ ዲስክ እንዳለ በሚገለብጠው ትዕዛዝ) ሙሉ ኮፒ ውሰዱ። ዲዲ ላይ ግቤቱንና ውጤቱን ሁለቴ አንብቡ፣ ምክንያቱም ይቅርታ አያውቅም፤ የኮምፒውተራችሁን ዲስክ ከሰጣችሁት እሱኑ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ነው ኤፍኤስሲኬ (fsck፣ የፋይል ሲስተም መጠገኛው)። ብዙ ጊዜ ይድናል።

የማይድነውን ካርድ የምታውቁበት ምልክት አለ። ፋይል ትሰርዛላችሁ፣ "እሺ" ይላል፣ ምንም ስህተት አያሳይም። ሪስታርት ስታደርጉ ፋይሉ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ፎርማት ብታደርጉትም የድሮው ሊኑክስ እንዳለ ይነሳል። ይህ ካርድ መጻፍ አቁሟል። ልፋቱን ትታችሁ ያላችሁን ዳታ ኮፒ አድርጉና ጣሉት።

ፎርጅድ ካርድም አለ። 128 ጊጋ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ የሆነ። እስኪሞላ ድረስ ጥሩ ነው፣ ከዚያ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ሞልታችሁ መልሳችሁ አስነብቡት። አዲስ ካርድ ሳልፈትን አልጠቀምም፣ እናንተም አትጠቀሙ።

መቆለፉ ይኸውና፦ ራስፒ ኮንፊግ (raspi-config፣ የፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ሥር ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም አለ። እሱን ስታበሩ ጽሑፉ ሁሉ ራም ላይ ይቀራል፣ ካርዱ አይነካም። ሶኬት ቢነቀልም ባይነቀልም ግድ የለውም። ቲቪ ለሚያሳይ፣ ሴንሰር አንብቦ ወደ ሌላ ቦታ ለሚልክ ቦርድ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ማሻሻያ ለመጫን ግን መጀመሪያ አጥፉት። አለዚያ የጫናችሁት ሁሉ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፣ ከዚያ "አፕዴት አልይዝ አለ" ብላችሁ ትደውላላችሁ። ዳታቤዝ ካላችሁ ደግሞ ኦቨርሌይ አይሆናችሁም፣ ኤስኤስዲ ግዙ።

ፓወር ባንክን እንደ መጠባበቂያ የምትጠቀሙ፦ ብዙዎቹ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለቅጽበት ይቆርጣሉ። ስልክ አያስተውለውም፣ ፓይ ግን ይሞታል። ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ሳትፈትኑ አትመኑት።

የቀሩት ቶሎ ቶሎ።

"ፓይ" እና "ራስበሪ" ብዬ ብገባ አልቀበል አለኝ፦ አሮጌ መመሪያ እየተከተላችሁ ነው። ያ ዩዘር ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለም። ኢሜጅ ስትጭኑ ኢሜጀሩ (ካርዱ ላይ የሚጽፈው ፕሮግራም) ውስጥ የራሳችሁን ስምና የይለፍ ቃል ስጡ። በ2023 ከወጣው ቡክዎርም ወዲህ ደግሞ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት የሚባለውን የዋይፋይ ፋይል ቡት ክፍሉ ላይ መጣልም አይሠራም። ዋይፋዩንም እዚያው ኢሜጀሩ ላይ ሙሉ፣ አገሩንም ምረጡ። አገር ካልተመረጠ ዋይፋዩ ታግዶ ይቀመጣል።

አረንጓዴው ኤልኢዲ 4 ጊዜ እየደጋገመ ብልጭ ካለ የማስነሻ ፋይሉ የለም። 7 ከሆነ ከርነሉ (የሊኑክሱ ዋና ክፍል) የለም። በሁለቱም ኢሜጁን እንደገና ጫኑ።

ፓይ 4 ላይ ስዕል የለም፦ ገመዱን ከቻርጀሩ ቀዳዳ አጠገብ ባለው ኤችዲኤምአይ ሰኩ።

"ኤግዜክ ፎርማት ኤረር"፦ ያወረዳችሁት ፕሮግራም ለኢንቴል የተሠራ ነው። የአርም 64ቱን ፈልጉ። ፈቃድ በመቀየር አይስተካከልም፣ ሱዶ በመደጋገምም አይስተካከልም።

ፓይ 5 ላይ ብቻ "የገጽ መጠን አይደገፍም" የሚል ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ኮንፊግ ፋይሉ (config.txt) ላይ ከርነል8 የሚለውን ኢሜጅ እንዲያስነሳ አድርጉ። ነባሪው ከርነል 16 ኪሎባይት ገጽ (የራም ክፍልፋይ) ስለሚጠቀም ነው።

ድረ ገጽ ሁሉ "ሰርተፊኬቱ ገና አልጀመረም" ካለ ቦርዱ ቀኑን ረስቷል። ከፓይ 5 በፊት ያሉት የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፤ ቀን የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነው። ፓይ 5ም ሰዓት ቢኖረውም ባትሪው ለብቻ ነው የሚገዛው። ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ የምታስቀምጡት ከሆነ ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል ግጠሙለት።

በሲሪያል ገመድ ስትገቡ ዝባዝንኬ ፊደል ከመጣ ፍጥነቱን 115200 አድርጉ፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይም ዩአርቱን (የሲሪያሉን መስመር) አብሩ። ምንም ካልመጣ ላኪና ተቀባዩን አቀያይሩ። አስማሚው ባለ 3.3 ቮልት መሆኑን ግን ሳታረጋግጡ አትንኩት። 5 ቮልቱ ፒኑን ያቃጥለዋል።

ኦሬንጅ ፓይና መሰሎቹ ላይ ኢሜጁ ለዚያው ሞዴል፣ ከስሙ ቀጥሎ ላለው ፊደል ጭምር መሆን አለበት። "ይመሳሰላል" ብላችሁ የጫናችሁት ቢነሳም ኔትወርኩ ላይሠራ ይችላል፣ ምክንያቱም የሃርድዌር ዝርዝሩ የሌላ ቦርድ ነው። ቢግልቦን ብላክ ካርዱን ትቶ በውስጡ ያለውን አሮጌ ሲስተም ካስነሳ፣ ከካርዱ አጠገብ ያለችውን ኤስ2 ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ መብራት ስጡት። በሊኑክስ ፈንታ ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ሲስተም የጫናችሁ በኤስኤስኤች ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) ብላችሁ አትገቡም። ፍሪቢኤስዲ በሚለው ዩዘር፣ በዚያው ቃል ግቡና ከዚያ ወደ ሩት እለፉ። የሁለቱንም የይለፍ ቃል ቦርዱን ኢንተርኔት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ቀይሩ።