ስንቁን ሳያዩ ወደ ቮልጋ፦ በስታሊንግራድ ጌም ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ እየው እስቲ፣ ቮልጋ ልገባ ነው!» አለኝ። አየሁት። ታንኮቹ እውነትም ወንዙ አፋፍ ላይ ደርሰዋል። ከኋላቸው ያለው የባቡር ሐዲድ ላይ ግን አንድ የሶቪየት ፈረሰኛ ጦር ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ይሄስ?» አልኩት።

«እሱ ምን ያመጣል? ብቻውን እኮ ነው።»

ይህችን መልስ ከስንቱ ጀማሪ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው። ጌሙ ዩኒቲ ኦፍ ኮማንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ የ1942 እና የ1943ን የስታሊንግራድ ዘመቻ በተራ በተራ የሚያጫውት። ቁልፎቹን አላስተምርም፤ እነሱን በአንድ ምሽት ትለምዷቸዋላችሁ።

ስንቅን መርሳት

በዚህ ጌም ስንቅ የሚመጣው ከካርታው ጠርዝ በሐዲድ ነው። ከሐዲዱ ደግሞ የተወሰነ ርቀት ድረስ ወደ ጎን ይዳረሳል። ከዚያ አልፎ የሄደ ጦር በራሱ ዕድል ነው የሄደው። መንገዱ የተቆረጠበትም እንደዚያው።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስንቅ የተቋረጠበት ጦር ወዲያው አይሞትም። በመጀመሪያው ተራ ደህና ይመስላል። ቁጥሩ ያው ነው፣ መልኩም ያው። ትንሽ ምልክት ብቻ ትታያለች፣ እሷን ደግሞ ማንም አያያትም። ከዚያ ተራ በቆጠረ ቁጥር ይዝላል። ማጥቃት ያቅተዋል። በመጨረሻ ትናንት ስትንቁት የነበረ እግረኛ መጥቶ ጠርጎት ይሄዳል። «ጌሙ አጭበረበረኝ» የሚል ጩኸት የሚሰማው ያኔ ነው። ጌሙ አላጭበረበረም። የስንቅ ካርታውን የሚያሳይ ቁልፍ አለ፤ እናንተ ናችሁ ያልነካችሁት።

ኮምፒውተሩ ደግሞ በዚህ ነገር ርኅራኄ የለውም። በግንባራችሁ መሃል አንዲት የካርታ ቤት ባዶ ከተዋችሁ በእሷ ሾልኮ ሐዲዱ ላይ ይቀመጣል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። በመጀመሪያው ወር ወደ ካውካሰስ ስሮጥ ያሉኝን ታንከኞች በሙሉ ፊት ለፊት ደርድሬ፣ ኋላዬን አንድ የደከመ ክፍለ ጦር እንኳ ሳላስቀምጥበት ሄድኩ። ሦስት ተራ በደስታ ተጫወትኩ። አራተኛው ላይ ታንኮቼ ቆመው የሚገፉ መኪኖች ሆኑ። የዚያን ቀን ላፕቶፑን ከድኜ ወጥቼ ቡና ጠጣሁ፤ ለሁለት ቀንም አልከፈትኩትም።

ታሪኩም ቢሆን ያው ነው። ኅዳር 19 ቀን 1942 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ሶቪየቶች ማጥቃት ሲጀምሩ ከተማው ውስጥ ያለውን የጀርመን 6ኛ ጦር ፊት ለፊት አልገፉትም። ከሰሜንና ከደቡብ የሮማኒያ ጦሮች የያዙትን መስመር በጥሰው በአራት ቀን ውስጥ ካላች በተባለች ከተማ አካባቢ ተገናኙ። 6ኛው ጦር ተከበበ። በቀን ቢያንስ 300 ቶን ስንቅ ያስፈልገው ነበር። በአውሮፕላን የደረሰው በአማካይ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የካቲት ሲብት ሁሉም አለቀ።

አሸናፊም ከስንቁ ሲርቅ ይቀጣል። በዚያው ዓመት የፈረንጆች ገና ዋዜማ የሶቪየቱ ጄኔራል ባዳኖቭ ታንከኞች ታቲንስካያ የሚገኘውን የጀርመኖች የአውሮፕላን ማረፊያ ደፍረው ገቡበት። ስንቅ የሚያመላልሱትን አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንዳሉ አወደሙ። ጀብዱ ነው። ግን ከወገን ጦር በጣም ርቀው ነበርና ራሳቸው ተከበቡ፤ ከቀናት በኋላ ሰብረው ሲወጡ አብዛኞቹ ታንኮቻቸው የሉም። ስለዚህ ሶቪየትን ይዛችሁ ስትጫወቱም ይሄ ምክር ለጀርመን ብቻ ነው እንዳትሉ።

ጠላትን እስከ አንድ ለመጨረስ መሞከር

የተሰጣችሁ ተራ የተቆጠረ ነው። ያዙ የተባላችሁትን ከተማዎች በጊዜ ካልያዛችሁ፣ ስንት ጦር ብትደመስሱም ውጤታችሁ ያው ነው። ጫካ ውስጥ የቀረች አንዲት ክፍለ ጦር ስታባርሩ ሁለት ተራ አታቃጥሉ። ስንቋን ቁረጡና እለፏት። ኋላ የሚመጣው እግረኛ ይለቅማታል።

ታንክ ማስቀደም

ሁሉም ጀማሪ ተራው ሲደርስ መጀመሪያ የሚነካው ታንኩን ነው። ይገባኛል፣ ያምራል። ግን ታንኩ ለቀዳዳው ነው እንጂ ለግድግዳው አይደለም። መጀመሪያ በእግረኛ መስመሩን አድክሙ፣ አንድ ቦታ ክፈቱ፣ ከዚያ ያልተነካውን ታንክ በክፍቱ ልቀቁት። ታንኩን ቀድሞ የተጫወተ ሰው ቀዳዳው ሲከፈት የሚያሳልፈው የለውም። እግረኛውን አሳልፎ ጠዋት የታጠቀውን ማታ ሲፈታ ታገኙታላችሁ።

ከተማ ውስጥና ወንዝ ተሻግሮ በታንክ ማጥቃትስ? አይሆንም። ከማጥቃታችሁ በፊት የሁለቱንም ወገን የሚገመት ኪሳራ ያሳያችኋል፤ አንብቡት።

ደካማ አጋርን እንደ መሙያ መቁጠር

ጀርመንን ስትይዙ ሮማኒያውያን፣ ጣሊያኖችና ሃንጋሪያውያን አብረዋችሁ አሉ። ብዙ ሰው ረጅሙን መስመር በእነሱ ይሞላና ይረሳቸዋል። የጀርመን አዛዦችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ውጤቱን ከላይ አይታችኋል። አጋር ጦር ወንዝ ፊቱ አድርጎ ሲቆም ጥሩ ነው፣ ከኋላው አንድ ተጠባባቂ ሲኖረው ደግሞ የበለጠ። ሜዳ ላይ ለብቻው ሲሰጣ ግን በር ነው፣ ያውም የተከፈተ።

ክብር ነጥብን (ማጠናከሪያ የምትገዙበትን ነጥብ) በመጀመሪያው ውጊያ መጨረስ። አታድርጉት። ዘመቻው ረጅም ነው።

አንድ ጥቃት በከሸፈ ቁጥር እንደገና መጀመር

ይሄኛውን የሚሠሩትን እወዳቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ለስድስት ወር ያህል እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዕድል እንቢ ሲላችሁ አጥፍታችሁ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ችግሩ የተበላሸ ሁኔታን ማስተካከል ሳትለምዱ መቅረታችሁ ነው። የጀርመኑ አዛዥ ማንሽታይን በ1943 መጋቢት ካርኮቭን መልሶ የያዘው ግንባሩ ከፈራረሰ፣ ከተማውም ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ እንደገና መጀመሪያ ቁልፍ አልነበረውም። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተሸንፋችሁ ተጫወቱ።

የእህቴ ልጅ ያን ቀን ፈረሰኞቹን ከሐዲዱ ላይ ለማንሳት አራት ተራ ፈጀበት። ቮልጋ ዳር የነበሩት ታንኮች አልተረፉም። ተናዶ ጀርመንን ተወና ሶቪየትን ይዞ ጀመረ። ትናንት ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ካላች ገባሁ!»

«በስንተኛው ተራ?»

ዝም አለ።

«እሺ፣ ስንቅህስ?»

«ቆይ» አለ፣ «ቁልፉ የቱ ነበር?»