የስልክ ጠለፋ ፈቃድን ሲሞግቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ተከሶ ማስረጃው የስልክ ጠለፋ ከሆነ፣ ቤተሰብ ቶሎ የሚለው «ሳያውቅ ሰምተውታል፤ ክሱ ይፈርሳል» ነው። አይፈርስም። በፌዴራል ክስ ጉዳዩ የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጠለፋ ሕግ ነው። ተከሳሽ የሚያሸንፈው ፖሊስ ፈቃዱን ለማግኘት ለዳኛ ባቀረበው ወረቀት ወይም ጠለፋውን ባካሄደበት መንገድ ጉድለት ሲያገኝ ነው።

የተቀዳ ድምፅን ሁሉ ጠለፋ ማለት። ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፖሊስ ጋር እየሠራ ንግግሩን ከቀዳ፣ የፌዴራል ሕግ የዳኛ ትእዛዝ አይጠይቅም። መጀመሪያ ማን እንደቀዳው ይጣራ።

የመርማሪውን የመሐላ ቃል (ፈቃድ ለማግኘት ለዳኛ ያቀረበውን ጽሑፍ) ሳያነቡ መከራከር። ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። መርማሪው ሌላ የምርመራ ዘዴ ሞክሮ እንዳልሠራለት፣ ወይም ለምን እንደማይሠራ ወይም አደገኛ እንደሆነ በዝርዝር ማስረዳት አለበት። «ክትትል አስቸጋሪ ነው» የሚል፣ በየትኛውም መዝገብ ሊገባ የሚችል አረፍተ ነገር ካለ ጠበቃው ይያዘው። «ይህንንም መሞከር ይችሉ ነበር» ማለት ብቻውን ግን አያዋጣም፤ ፍርድ ቤቶች ፖሊስ ያለውን ዘዴ ሁሉ እንዲጨርስ አያስገድዱም። ይልቅ ፖሊስ በእጁ ይዞ ለዳኛው ያልነገረውን ፈልጉ። ውስጥ ገብቶ መረጃ የሚያቀብል ሰው ቀድሞም ነበረው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በፍራንክስ ጉዳይ የወሰነው ለዚህ ይጠቅማል። መርማሪው አውቆ ወይም ምንም ሳይጠነቀቅ ሐሰት ከጻፈ፣ ሐሰቱ ወጥቶ የቀረው ለፈቃድ የማይበቃ ከሆነ ማስረጃው ይወድቃል፤ ማለትም ችሎት ላይ ሊቀርብ አይችልም። ጥርጣሬ ይዞ መቅረብ ግን አይበቃም፤ ዳኛው ገና ከጅምሩ ተጨባጭ ነገር ማየት ይፈልጋል።

ትንሹንም ትልቁንም ጉድለት እኩል መጮህ። በ1974፣ ይኸው ፍርድ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔዎች ሰጠ። በጆርዳኖ ጉዳይ ማመልከቻውን የፈቀደው ሕጉ ሥልጣን ያልሰጠው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ረዳት ስለነበር ማስረጃው ወደቀ። በቻቬዝ ጉዳይ ግን ትክክለኛው ባለሥልጣን ፈቅዶ ወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ስለተጻፈ ብቻ ማስረጃው አልወደቀም። ደካማ ነጥብ ሲበዛ ጠንካራው ይሸፈናል።

የማይመለከታቸውን ጥሪ ስለሰሙ ብቻ አሸነፍን ማለት። ሕጉ ከወንጀሉ ጋር የማይገናኝ ንግግርን በተቻለ መጠን እንዳይሰሙ ያዛል። በ1978 በስኮት ጉዳይ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መርማሪዎቹ ጥሪውን ሁሉ ማለት ይቻላል ቢሰሙም፣ መለኪያው በሁኔታው አግባብ ነበር ወይ የሚለው ነው ብሏል። በአማርኛ ለሚነጋገሩ ሌላም ነገር አለ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በወቅቱ ካልተገኘ፣ ሕጉ ቀድተው በኋላ እንዲያጣሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ አስተርጓሚ በእርግጥ አልነበረም ወይ? ማጣራቱስ ምን ያህል ዘገየ? ቤተሰብ ደግሞ ዋናውን ድምፅ ራሱ ያዳምጥ፤ በእንግሊዝኛው ግልባጭ ብቻ አይመን።

ቴክስትን እንደ ድምፅ ማየት። ይህ የጠለፋ ሕግ ማስረጃ የሚያስወድቀው ለድምፅ ነው። ለጽሑፍ መልእክት ክርክሩ በሕገ መንግሥቱ በኩል ይሄዳል።

ጊዜ ማሳለፍ። ማስረጃው እንዲወድቅ የሚጠይቀው አቤቱታ ከችሎት በፊት ይቀርባል። ማቅረብ የሚችለውም በንግግሩ ውስጥ የተሰማው ወይም ጠለፋው የተነጣጠረበት ሰው ነው፤ በሌላ ሰው መብት መከራከር አይቻልም። አንድ ትእዛዝ ከ30 ቀን በላይ አይቆይም፤ ሲያበቃ ቅጂው ወዲያው በዳኛው ትእዛዝ መታሸግ አለበት። ዘግይቶ ታሽጎ ከሆነ መንግሥት በቂ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ጠበቃችሁን የታሸገበትን ቀን ጠይቁት።