ብዙ ነገር ማወቅ የሚወድ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታና በአካባቢዋ የሚያድግ ተማሪ ስለ ስፖርት፣ ስለ ዓለም ጉዳዮችና ስለ ዱር እንስሳት የማወቅ ጉጉት ቢያድርበት ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች በአስፋልቱ ዳር ያልፉታል፤ ሌሊቱን የጅብ ጩኸት ሲሰማ አድሯል፤ ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ትቀበለዋለች። እንዲህ ያለ ተማሪ በአንድ ደብተር ውስጥ የማራቶን ሰዓቶችን፣ የጸጥታው ምክር ቤት አባላትን ስምና ያያቸውን ወፎች ቢመዘግብ ደግ ነው። ይሁን እንጂ በእንዲህ ዓይነት ደብተሮች ውስጥ እየተመላለሱ የሚታዩ ስህተቶች አሉ። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ በአንዳንዶቹ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዱን መርጦ ሌላውን መተው

ዘመድ አዝማድ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል። ተረቱ መተዳደሪያ ሥራውን ለሚያማርጥ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ገና በመማር ላይ ላለ ልጅ ግን ያለ ቦታው የተጠቀሰ ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱ ጉዳዮች ከሥር መሠረታቸው የተያያዙ ናቸው። ይህን መያያዝ አለማየት ደግሞ የሚቀጥለውን ስህተት ይወልዳል።

ስፖርቱን ከዓለም ጉዳዮች ለይቶ ማንበብ

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። አንድ ተማሪ የኢትዮጵያን የኦሊምፒክ ውጤቶች በሠንጠረዥ ቢያሰፍር፣ በ1960 እና በ1964 አበበ ቢቂላ፣ በ1968 ደግሞ ማሞ ወልዴ ያመጡትን የማራቶን ወርቅ ይጽፋል፤ በ1972 የማሞ ወልዴንና የምሩጽ ይፍጠርን ነሐስ ያክላል፤ በ1976 ግን ረድፉ ባዶ ይሆንበታል። በ1980 ምሩጽ በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዶ ረድፉን ሲሞላው፣ በ1984 እና በ1988 እንደገና ባዶ ይሆናል። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው በእነዚያ ዓመታት ሯጮቻችን ደክመው ነበር ብሎ ይደመድማል።

እውነቱ ሌላ ነው። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛው የአፓርታይድ ሥርዓት ወደሚገዛት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱና ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ኒውዚላንድን ከውድድሩ አላግድም በማለቱ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ አገሮች፣ በአብዛኛው አፍሪካውያን፣ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሳቸውን አግልለዋል። በ1984 ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጎን ተሰልፋ ከሎስ አንጀለስ ቀረች፤ በ1988 ደግሞ በዚሁ ዓይነት የፖለቲካ ምክንያት ሴኡል አልተገኘችም። በዚያው በ1988 ሚያዝያ ውስጥ በላይነህ ዲንሳሞ በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ክብረ ወሰኑም ለአሥር ዓመት ያህል ማንም ሳይደርስበት ቆይቷል። በሴኡሉ ማራቶን የመነሻ መስመር ላይ የዓለም ፈጣኑ ሰው ያልቆመው ስለ ደከመ አልነበረም።

እግር ኳሱም እንዲሁ ነው። በ1957 በካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ አንድም ግጥሚያ ሳታደርግ ለፍጻሜ መድረሷ ግራ የሚያጋባው ተማሪ፣ መልሱን በስፖርት ገጽ ላይ አያገኘውም። ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ያቀላቀለ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ወጥታ ነበር። ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። ካርቱም ላይ ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው በ1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ አፓርታይድን ከስፖርት ሜዳ ለማራቅ ያደረጉት ትግልም የሥራቸው ዋነኛ ክፍል ነበር።

በዚሁ ዘመን፣ አበበ በሮም በሮጠበት በ1960፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ በምትፈጽመው አስተዳደር ምክንያት በሄግ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1966፣ የዳኞቹ ድምፅ እኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የመክሰስ መብት የላቸውም ብሎ ክሱን ዘጋው። ይህን ያነበበ ተማሪ የ1976ቱን ባዶ ረድፍ ሲያይ፣ በካርቱም ሜዳና በሄግ ችሎት የጀመረ ነገር እዚያ መድረሱን ይረዳል።

ዘመንና ሰዓት ማደባለቅ

ከውጭ አገር ምንጭ የሚያነብ ተማሪ ሁልጊዜ 8 ዓመት መቀነስን ይለምድና ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ይሳሳታል። በዚያ ወቅት ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የኤውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ይሆናል። የአበበ የሮም ድል ለዚህ የሚገርም ምሳሌ ነው፤ ሩጫው የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ምሽት ላይ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ውድድሩ በማግሥቱ ቢሆን ኖሮ 1953 ብለን እንጽፈው ነበር። የቶኪዮው ድል ደግሞ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ስለሆነ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ 8 የቀነሰ ተማሪ አንድ ዓመት ይስታል። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውልም መርሳት አይገባም።

የሰዓቱ ነገር ያነሰ ጉዳት ቢኖረውም ብዙዎችን ጨዋታ ያስመልጣቸዋል። እንግሊዞች ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ፣ በለንደን ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ በአንዱ ወቅት በእኛ 11 ሰዓት፣ በሌላው 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ኒው ዮርክም ሰዓቷን ትቀይራለች፤ የምትቀይርበት ቀን ግን ከለንደን ጋር አይገጥምም፤ የጸጥታው ምክር ቤትን ስብሰባ በቀጥታ ለመከታተል የሚፈልግ ይህን ያጣራ።

ክብረ ወሰንን ያለ ሁኔታው መመዝገብ

ኬንያዊው ሯጭ ጄፍሪ ሙታይ በ2011 በቦስተን ማራቶን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሮጧል። ይህ በዚያን ጊዜ የኃይሌ ገብረሥላሴ ከነበረው የ2008 የበርሊን ክብረ ወሰን፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ፣ የፈጠነ ነው፤ ሆኖም የኃይሌ ክብረ ወሰን በዚያ ቀን አልተሰበረም። ደንቡ የሩጫው መነሻና መድረሻ ከርቀቱ ከግማሽ በላይ እንዳይራራቁና የመንገዱ ቁልቁለት በአማካይ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ የቦስተን መንገድ ሁለቱንም አያሟላም። ስለዚህ ከሰዓቱ ጎን ቦታውንና ዓመቱን ያልጻፈ ተማሪ የያዘው ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም።

ስለ ከፍታ የሚነገረውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሱሉልታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ፣ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ባሕር ዳርቻው 21 በመቶ ያህል ነው፤ የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ሲሆን እሱም ከአንድ አራተኛ በላይ ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ሆርሞኑም የቀይ ደም ሕዋሳትን ቁጥር ይጨምራል። በፋብሪካ የሚሠራው ይኸው ሆርሞን በስፖርት የተከለከለ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ያም ሆኖ ከፍታ ብቻውን ሻምፒዮን አያደርግም፤ ቢያደርግማ ኖሮ ከ3,600 ሜትር በላይ የምትገኘው ላ ፓዝ በማራቶን ወርቅ በተንበሸበሸች ነበር።

ተቋማትን ማምታታት

የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 የተቋቋመ የተባበሩት መንግሥታት አካል እንጂ የአፍሪካ ኅብረት ክፍል አይደለም፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ስለሆኑ ብቻ ይምታታሉ። በሄግም ከላይ የተጠቀሰው የፍትሕ ፍርድ ቤት መንግሥታት የሚካሰሱበት የተባበሩት መንግሥታት ችሎት ሲሆን፣ በ2002 ሥራ የጀመረው የወንጀል ፍርድ ቤት ግን በራሱ ስምምነት የቆመና ግለሰቦችን የሚዳኝ ነው። ኢትዮጵያ የዚህኛው አባል አይደለችም። «ተባበሩት መንግሥታት ወሰነ» የሚል ዜና ሲሰማም የወሰነው 193 አባላት ያሉት ጠቅላላ ጉባኤ ነው ወይስ 15 አባላት ያሉት የጸጥታው ምክር ቤት ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ አስገዳጅነታቸው እጅግ ይለያያልና።

የቆየ የእንስሳት ዝርዝርን እንዳለ መቅዳት

ማለዳ ማለዳ በየግቢው ሣር ላይ ማጭድ በመሰለ መንቁሯ ትል የምትለቅመውን፣ ስትበርም በጩኸቷ የምትታወቀውን ትልቅ ጠቆር ያለች ወፍ የከተማው ዳርቻ ነዋሪ ሁሉ ያውቃታል፤ በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ ትባላለች። የቆዩ መጻሕፍት በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ይሏታል። መጻሕፍቱ በታተሙበት ጊዜ ልክ ነበሩ፤ በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ግን ወፏ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ የሁለት አገር ወፍ ሆነች። አንገቷ ላይ ነጭ ያላት የደጋ ርግብም እንዲሁ። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባት የደጋ ዝይ ግን እስካሁን የኢትዮጵያ ብቻ ናት። እንግዲህ የወፎች ዝርዝር የታተመበትን ዓመት ማየት የሚያስፈልገው የፖለቲካ ካርታው ስለሚለወጥም ጭምር ነው።

የቅርቡን መናቅ

የብዙ ተማሪዎች የእንስሳት ገጽ በቴሌቪዥን ባዩአቸው ነብርና ፔንግዊን ይሞላል፤ አውሮፓ ሲበርድ ወደ አቃቂ ረግረግና ወደ አባ ሳሙኤል የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች፣ ወይም በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በበርጋ ረግረግ በክረምት የምትራባውና በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፏ ትንሽ የረግረግ ወፍ አይገኙበትም።

ከሁሉም በላይ የሚበደለው ጅብ ነው። ጅብ ፈሪ፣ ጥንብ ብቻ የሚበላ፣ የውሻ ዘመድ ተደርጎ ይጻፋል። በዝምድናው ግን ከውሻ ይልቅ ለድመት ወገን ይቀርባል። የመንጋው የበላዮች ሴቶቹ ሲሆኑ በአካልም ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፤ ግልገሉም ደረጃውን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። በ1960ዎቹ በታንዛንያ በንጎሮንጎሮ የተካሄደ ጥናት፣ በዚያ ያሉ ጅቦች አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው እንደሚያገኙና አንበሶችም ጅቦች የገደሉትን እየነጠቁ እንደሚበሉ አሳይቷል። በእኛ ከተሞች ዳርቻ ደግሞ ያው እንስሳ በአብዛኛው በቄራ ተረፈ ምርትና በሞቱ የቤት እንስሳት ይኖራል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ስህተቱ የአንዱን ቦታ ጠባይ የሁሉም አድርጎ መጻፍ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደና በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ተመራማሪዎች በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ተረፈ ሥጋ ሲጠፋ፣ በጅቦች ዐይነ ምድር ውስጥ የአህያ ጠጉር በግልጽ እንደሚበዛና ከፋሲካ በኋላ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። የሰው ጾም የጅብን ማዕድ ይለውጣል ማለት ነው። ሆኖም ይህን አንብቦ «የሱሉልታ ጅቦችም በሁዳዴ አህያ ያዘወትራሉ» ብሎ መጻፍ መቸኮል ነው፤ በዚህ አካባቢ ያለው የቆሻሻ መጣያና የዶሮ እርባታ ብዛት ነገሩን ሊለውጠው ይችላል። ቡዳ ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለውን የአረጋውያን ወግ ደግሞ መናቅም ከእንስሳው ጠባይ ጋር ማደባለቅም አያስፈልግም፤ ወጉ ስለ ሰዎች እምነት የሚናገር ስለሆነ የራሱ ገጽ ይገባዋል።

ለማየት ሲሉ መቅረብና ማብላት

ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄዱ ተማሪዎች ለጭላዳ ዳቦና ብስኩት ሲወረውሩ ይታያሉ። ጭላዳ በዋናነት ሣር የሚግጥ እንስሳ ነው፤ ሰው እጅ ላይ ምግብ መጠበቅን ከለመደ ሰውን መተናኮል ይጀምራል። ጅብን በተመለከተ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ወደ ገደሉ ወይም ወደ ቆሻሻው መጣያ ብቻን መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ ዱካውን ረፋድ ላይ ከታላቅ ሰው ጋር ሄዶ ማየት ይበቃል። ካልሲየም የበዛበትና ሲደርቅ የሚነጣው ዐይነ ምድሩ በቀላሉ ይለያል፤ በእጅ ሳይነኩ ከዱካው ጎን ሳንቲም አስቀምጦ ፎቶ ማንሣት መጠኑን ለማወቅ ይረዳል። በደብተሩም ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱና ቦታው ሲጻፍ፣ ጩኸቱን መስማት፣ ዱካውን ማየትና ጅቡን ራሱን ማየት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይሰፍራሉ።