ፍሪጁ «ጠቅ» ስላለ ሞተር አትቀይሩ

ደዋዩ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ስልኩን ፍሪጁ ጀርባ ይወሽቀዋል። «ስማው እስኪ!» እሰማለሁ። እምምም… ጠቅ። ዝም ይላል። ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና እምምም… ጠቅ።

ደሴ ላይ ለፍሪጅ ድምፅ ከሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያሰሙኝ ይሄንን ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እናውጣ።

ሞተሩ ሲቆም ውሃ እንደሚንቆረቆር ዓይነት ድምፅ ከመጣ ጋዙ በቧንቧው ውስጥ እየሄደ ነው። ጤነኛ ነው። ሌሊት «ጧ» የሚለው ደግሞ ፕላስቲኩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ነው። ተኙ።

የሚንቀጠቀጥ፣ ጅርር የሚል ከሆነ እግሮቹን አስተካክሉ። የኋላው ቧንቧ ግድግዳ ወይም እርስ በርሱ እንዳይነካካ ትንሽ ለቀቅ አድርጉት። ሞተሩ ላይ የተቀመጠችውን የውሃ መያዣ ሳህንም ነካ አድርጉ፤ ስትላላ ትጮሃለች። ላዩንም እዩ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ግማሽ ሰዓት ከፍሪጁ ጀርባ ተንበርክኬ ቆይቼ፣ ሲጮህ የነበረው ከላይ የተደረደረው የሲኒ ትሪ ሆኖ አረፈው። የታክሲ እንኳ መቀበል አፈርኩ።

ከፍሪዘሩ ውስጥ ክርክር የሚል፣ በሩ ሲከፈት የሚጠፋ ድምፅ ካለ፣ በረዶ የማይሠሩት ዓይነት (ኖ ፍሮስት) ፍሪጆች ላይ ፋኑ በረዶ እየመታ ነው። ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ጨርቅ አንጥፋችሁ አሳድሩት። በሳምንት በሁለት ሳምንት ከተመለሰ ግን በረዶ የሚያቀልጠው ሂተር ወይም ሴንሰሩ ሞቷል፤ እሱ ይቀየር። በየትኛውም ፍሪጅ ላይ በረዶ በቢላዋ አትፈልፍሉ። አትፈልፍሉ! ቧንቧው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስስ ነገር ነው። አንዴ «ሽሽሽ» ካለ ጋዙ ሄደ፣ የበጉ ሥጋም ተከትሎት ይሄዳል። አዳዲሶቹ ላይ ያለው አር 600 ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ እንደ ቡታ ጋዝ የሚቀጣጠል ነው። ከሸተተም ካልሸተተም መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አርቁ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ማብሪያም ሶኬትም አትንኩ።

አሁን ወደ «ጠቅ»።

እምምም የሚለው ሞተሩ ለመነሳት ሲታገል ነው። ካልተነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል። ጎኑ ላይ ያለችው ኦቨርሎድ የምትባል ትንሽ ዕቃ ትሞቅና ጠቅ ብላ ትቆርጠዋለች። ስትቀዘቅዝ ትመልሰዋለች። እና «ጠቅ» የምትለው ሞተሩን የምታድነው ናት እንጂ የሞተው ሞተር አይደለም።

ሆጤ ያሉ አንዲት እናት ሁለት ባለሙያ ሞተሩ ተቃጥሏል ብሏቸው ነበር። አንደኛው ዋጋም ተናግሯል። «ልጄ፣ ወላሂ ሁሌ አይደለም እንዲህ የሚለው» አሉኝ። መቼ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። አሰብ አድርገው «እንጀራ ሲጋገር» አሉ። ግቢው ውስጥ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። ቴስተሬን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) ሶኬቱ ላይ ሰካሁና የጎረቤትን ምጣድ አስለኮስኩ። 214 የነበረው ቮልቴጅ 168 ገባ። ሞተሩም ወዲያው እምምም… ጠቅ። ምጣዱ ሲጠፋ ፍሪጁ በሰላም ተነሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ የሚበላ ነው። በቀጭን ሽቦ ተቀጣጥሎ በሚመጣ መብራት ላይ ፍሪጅ ምን ይተርፈዋል? በብርድ ጠዋት ይብሳል፤ የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር መነሳቱ ይከብደዋል።

መፍትሄው ለፍሪጁ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር መሳብ ነው። ያ ካልተቻለ የመጋገሪያውን ሰዓት ነቅሎ ማሳለፍ፣ ወይም ደህና ስታቢላይዘር። ደህና አልኩ። ላዩ ላይ 1000 ዋት ተጽፎበት ውስጡ የጡጫ ያህል ትራንስፎርመር ያለው አለ። ሲገዙ አንስቶ መመዘን ነው፤ ከቀለለ ይመለስ። ፍሪጅ ሲነሳ የሚስበው ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። ፍሪጅን ከቴሌቪዥንና ከምድጃ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ የሚሰካ ሰው ጋር ደግሞ ክርክር አቁሜያለሁ።

መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣም ይሄው «ጠቅ» ይመጣል። በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ገና አልተስተካከለም፣ ሪሌዩም (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) አልቀዘቀዘም። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ከመጣ አምስት ደቂቃ በኋላ ሰኩት። በቃ።

ቮልቴጁ ጤነኛ ሆኖ «ጠቅ» ካለስ? ያኔ ሪሌዩ ነው የሚጠረጠረው። ነቅላችሁ የሞተሩን ጎን ክዳን ክፈቱ። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ካለው ከተነቀለም በኋላ ይመታልና ሳታራግፉ አትንኩት። ሪሌዩን ከሞተሩ እግሮች (ሽቦ ከሚሰካባቸው ጫፎች) ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ አታጣሙት። ከዚያ ጆሯችሁ ሥር ነቅነቅ። ብዙዎቹ ውስጥ የሳንቲም ቅርፅ ያላት ጠፍጣፋ ነገር አለች። ተሰብራ ከሆነ እንደ ጸናጽል ትሿሿለች። ጠቁሮና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸቶም ይገኛል። አዲስ ሪሌይ ይገባል፣ ፍሪጁ ይነሳል።

ችግሩ አዲሱ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ ፍሪጅ ሦስት ሪሌይ ገዛሁ። አንደኛው ሲሰካ ላላ። ሁለተኛው በዘጠነኛው ቀን ተሰነጠቀ። የሞተሩን እግር ጥርቅም አድርጎ የማይዝ ሪሌይ እሳት ያነሳል፤ ገና ሱቁ ውስጥ ሳለ ከአሮጌው ጋር አስተያዩት። ኦቨርሎዱም ከሞተሩ ጉልበት ጋር ይመጣጠን። የአንድ አራተኛ ፈረስ ጉልበት ኦቨርሎድ የአንድ ስድስተኛ ሞተር ላይ ከገባ ሞተሩ እየተቃጠለ እሷ ዝም ትላለች። ኦቨርሎዱን ዘሎ ሽቦ በቀጥታ የሚያገናኝ ሠራተኛ ካያችሁ ከቤት አስወጡት።

ሞተር ከመቀየሩ በፊት ባለሙያው በቴስተር ይለካላችሁ። ሦስት እግር አለው፤ በየሁለቱ መካከል በኦም ይለካል። ሁለቱ ትንንሽ ንባቦች ሲደመሩ ትልቁን መምጣት አለባቸው፤ ለምሳሌ 12 እና 18 ከሆኑ ሦስተኛው 30። ከእግሮቹ ወደ አካሉ ደግሞ ምንም ማንበብ የለበትም። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ቮልቴጁም ሪሌዩም ጤነኛ ሆነው ካልተነሳ፣ ሞተሩ ውስጡ ነክሷል፣ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ያኔ ይቀየር።

አንድ የቀረኝ «ጓ!» ነው። ሞተሩ ሲነሳና ሲቆም ውስጡ መዶሻ ያለ ይመስላል። ይህን የማገኘው ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ተጋድመው የሐረጎን ዳገት በወጡ አሮጌ ፍሪጆች ላይ ነው። ሞተሩ በታሸገው ሆድ ውስጥ በስፕሪንግ ነው የተንጠለጠለው፤ በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ ሲላጋ ስፕሪንጉ ይወልቃል። መክፈቻ የለውም፣ አይጠገንም። ፍሪጅ ቆሞ ይጫን። የግድ ከተጋደመም ቆሞ ከማደሩ በፊት አይሰካ፤ ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለስ።

አራዳ ያለ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ገዝቶ መጣ። እስኪሞት ተጠቀምበት አልኩት። ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ አሁንም ያቀዘቅዛል። ሌሊት «ጓ!» ሲል እንግዳ ብቻ ነው የሚነቃው።